ባለቤት ያለው ደን

ከጎጀብ ድልድይ ወዲያ ድንኳን የሚተክልበት ባዶ መሬት የሚፈልግ መንገደኛ አያገኝም። ለዓይን ሁሉም ደን ነው፤ ከአስፋልቱ ግራና ቀኝ ተጠቅጥቆ ወደ ሸለቆው ይወርዳል፣ ሰው የረገጠው አይመስልም። ከመኪና ወርዶ ጥቂት እርምጃ ወደ ውስጥ የገባ ሰው ግን ቀና ሲል ቀፎ ያያል። ረጅም ነው፣ በሐረግ ተጠፍሯል፣ ሰው እንዴት እንደወጣበት በማይገባ ከፍታ ላይ በቅርንጫፍ መሃል ተጋድሟል። ቀፎ የተሰቀለበት ዛፍ ባለቤት አለው። ከሥሩ የበቀለው ኮረሪማም ባለቤት አለው። ከኮረሪማው ጎን በጥላ ውስጥ ቀጥኖ የቆመውን የደን ቡና ማን እንደሚለቅመው አገሬው ያውቃል። ባለቤቴና እኔ ድንኳን ጭነን ከሚዛን ቴፒ፣ ከቴፒ ማሻ ስንጓዝ ከሁሉ በላይ የገባን ነገር ይኸው ነው።

ድንኳኑን የላከልን ውጭ አገር የሚኖር ዘመድ ነው። ከድንኳኑ ጋር ምክርም ልኮ ነበር፤ ከሰው ራቁ፣ ከመንገድ ገንጠል በሉ፣ ጸጥ ያለ ቦታ ፈልጉ የሚል። ምክሩ በመጣበት አገር የራሱ ታሪክ አለው። አሜሪካ ውስጥ ዬሎውስቶን እ.ኤ.አ. በ1872 ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ ሲከለል በዚያ ሲኖሩና ሲያድኑ የቆዩ ነባር ሕዝቦች ነበሩ፤ ከጊዜ በኋላ እንዲወጡ ተደረገ። ዛሬ ጎብኚ ሰው ያልደረሰበት ተፈጥሮ ብሎ የሚያደንቀው፣ ሰው እንዲለቅ የተደረገበትን ምድር ነው። እኔ ደግሞ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብላ ካለች የገጠር ቀበሌ የወጣሁ ነኝ። እኛ ዘንድ መንገድ የመሸበት ሰው ደጅ ቆሞ «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» ይላል፤ ከውስጥ «ቤት የእግዚአብሔር ነው፣ ይግቡ» ይባላል። ባለቤቴ የጉለሌ ልጅ ነው፤ ካርታና መመሪያ ይወዳል። እሱ የዘመዳችንን ምክር፣ እኔ የደጁን ሰላምታ ይዘን ወጣን። መንገዱ ወደ እኔ አደላ።

የወጣነው ጥር ሲያልቅ ነው። ደቡብ ምዕራብ በአገራችን ዝናብ ከሚበዛባቸው ቦታዎች አንዱ ነው፤ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ሰማዩ ብዙም አያርፍም፣ በድንኳን ለሚያድር ሰው የሚመቹት ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያሉት ወራት ናቸው። ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የግልገል ጊቤ ግድብ ውኃ ከመንገዱ ዳር ተንጣልሎ ሲታይ ባለቤቴ መኪናውን አቆመና ብዙ ጊዜ ቆሞ አየው። ከጅማ ወደ ቦንጋ ስንወርድ ደግሞ ጎጀብ ላይ እኔ አስቆምኩት። ንጉሠ ነገሥቱ በ1928 ዓ.ም. ከተሰደዱ በኋላ ጎሬ ላይ የቀረውን መንግሥት ይመሩ የነበሩት ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ፣ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. በጣልያኖች ተከበው እጃቸውን የሰጡት በዚህ ወንዝ ዳር ነው። የዛሬው አላፊ ድልድዩን በደቂቃ ይሻገረዋል። እሳቸውን ተከትሎ ከጎሬ ጀምሮ በዚህ ሁሉ ደንና ጭቃ በእግሩ የመጣውን ሠራዊት ማሰብ የቻልኩት፣ ወደ መጡበት ወደ ጎሬ በተቃራኒው ተጉዤ ከጨረስኩ በኋላ ነው።

ወደ ቦንጋ ከመግባታችን በፊት በጭዳ በኩል ታጥፈን ጨበራ ጩርጩራ ብሔራዊ ፓርክ አድረናል። ፓርኩ በ1997 ዓ.ም. በዳውሮና በኮንታ መካከል የተከለለ ሲሆን ዝሆንና ጎሽ በብዛት ከቀሩባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ነው፤ በውስጡም ባሃይና ሻሾን የመሳሰሉ ትናንሽ ሐይቆች አሉ። እዚያ ነገሩ ግልጽ ነው። ትከፍላላችሁ፣ ጠብመንጃ የያዘ ስካውት ይመደብላችኋል፣ ድንኳን የሚተከልበትን ቦታ እሱ ያሳያችኋል። ሌሊት ጎሾች ወደ ውኃ ሲወርዱ የረገጡት ሸንበቆ ሲሰበር ሰማን። ባለቤቴ በዚህ አዳር ፍጹም ደስተኛ ነበር፤ ሕጉ ተጽፏል፣ አጥሩ ባይታይም ይታወቃል። እኔን ያሳሰበኝ ከፓርኩ ውጭ ያለው ሰፊው አገር ነበር፤ በር የለው፣ ትኬት የለው፣ ስካውት የለው።

ቦንጋን ቶሎ አለፍናት። ኅዳር 14 ቀን 2014 ዓ.ም. የተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል የአስተዳደር መቀመጫ ናት፤ የቡና ሙዚየሟም ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል። ቀጥሎ ውሽውሽ ላይ ሻይ ቅጠሉ በምንጣፍ አምሳል ኮረብታውን ሁሉ ለብሶ ይታያል፤ ውብ ነው፣ ግን ወፍ የማይጮህበት ውበት ነው። ከሻይ ማሳው ጠርዝ ደኑ ሲጀምር የጉሬዛው ጩኸት፣ የጥንዚዛው ጭርጭርታ፣ የውኃው ድምፅ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይመጣል። ባለቤቴ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ እስከ ሚዛን አልዘጋውም።

ሚዛን ተፈሪ ዛሬ ከአማን ጋር ተዋህዳ ሚዛን አማን ተብላለች፤ የቤንች ሸኮ ዞን ከተማ ናት። ሰው ግን አሁንም ሚዛን ነው የሚላት። ኮረብታ ላይ የተሠራች፣ ጠዋት ጠዋት ጉም የሚተኛባት፣ ባጃጁ ዳገቱን እየተነፈሰ የሚወጣባት ከተማ ነች። ገበያዋ ውስጥ ሙዙ በዘለላ ነው የሚሸጠው፤ ጎደሬና ቦዬ በቁና ይሰፈራል፤ ደረቅ ኮረሪማ እንደ ዶቃ በክር ተሰክቶ ይንጠለጠላል። እዚህ ሆቴል ይዘን ልብሳችንን አጠብን፣ ጎማችንንም ጎሚስታ ዘንድ አስጠገንን። ማታ ሻይ ቤት ስንቀመጥ በየአቅጣጫው የምንሰማው ቋንቋ ቤንችኛ፣ ካፊኛ፣ ሸክኛ፣ አማርኛ፣ ኦሮምኛ ነበር፤ ብዙው ሰው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር ንግግሩን እንኳ አያቋርጥም።

ከሚዛን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርዶ በበቃ የቡና እርሻ አለ፤ በሺህ የሚቆጠር ሄክታር የሸፈነ፣ ቀድሞ የመንግሥት የነበረ። እኛ ስንደርስ ከጥቂት ቀናት በፊት ካፊያ ጥሎ ስለነበር ቡናው አብቧል። የቡና አበባ ዝናቡን ጠብቆ በአንድ ላይ ይፈነዳል፣ ጥቂት ቀናት ብቻ ቆይቶ ይረግፋል፤ በእነዚያ ቀናት ሽታው መኪና ውስጥ ገብቶ ልብስ ላይ ያድራል። በሕይወቴ ሙሉ ቡና ቆልቼ፣ ወቅጬ፣ አፍልቼ፣ እስከ በረካ ጠጥቻለሁ። አበባውን ግን ያየሁት እዚያ ነው።

ከእርሻው ራቅ ብሎ ያለው የጎሪ ጌሻ ደን በዓለም የቡና ነጋዴዎች ዘንድ ስሙ የገነነ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ማጂ የነበረው የእንግሊዝ ቆንስል ከዚህ አካባቢ የቡና ዘር አሰብስቦ ወደ ኬንያ ላከ። ዘሩ በታንዛኒያ አድርጎ እ.ኤ.አ. በ1953 ኮስታሪካ ገባ፤ ከዚያም ፓናማ። ለብዙ ዓመታት ከቁም ነገር ሳይገባ ቆየና እ.ኤ.አ. በ2004 በፓናማ ውድድር አንደኛ ወጥቶ አንዱ ፓውንድ በ21 ዶላር ተሸጠ፤ ለዚያን ጊዜ ያልተሰማ ዋጋ ነበር። ዛሬ «ጌሻ» የተባለው ስም በቶኪዮና በሴኡል የቡና ቤቶች ዝርዝር ላይ ከውዶቹ መካከል ይጻፋል። ኋላ ደግሞ ስለ ኢትዮጵያ ቡና ፊልም ለመሥራት የመጡ አንድ ባልና ሚስት፣ ራቸል ሳሙኤልና አዳም ኦቨርተን፣ ከደኑ ብዙም ሳይርቅ እ.ኤ.አ. በ2011 «ጌሻ ቪሌጅ» የተባለውን እርሻ ጀመሩ። ይህን ታሪክ ለባለቤቴ ድንኳን ውስጥ በባትሪ ብርሃን ስነግረው የጠየቀኝ አንድ ነገር ነው፤ ዘሩን የሰጠው ገበሬ ማን ነበር? ቆንስሉ በስሙ ተመዝግቧል። ገበሬውን የመዘገበው ማንም የለም።

በበቃ አቅራቢያ አንዲት እናት ቡና አጠጡን። ንግግራቸውን ገና ስሰማ ወሎዬ መሆናቸውን አወቅሁ። በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ በሰፈራ ከመጡት ናቸው፤ ያኔ የታቀፉት ሕፃን ዛሬ የልጆች አባት ሆኗል። «ልጄ፣ ስንመጣ ዝናቡን ፈራነው» አሉኝ፤ «ዝናብ አጥተን የመጣን ሰዎች፣ ዝናብ ፈራን።» ረከቦታቸው ሥር ቄጠማ ጎዝጉዘው፣ ዕጣን አጢሰው፣ ሦስተኛውን ሳትጠጡ አትነሡም አሉ። በልባቸው የወሎዋን ሐይቅ ያነሣሉ፤ በእጃቸው የሚያርሙት የቤንች ቡና ነው። እንግድነት በአንድ ትውልድ ያልቃል ወይ ብዬ ለመጠየቅ አፌ ላይ ደርሶ ተውኩት፤ ምክንያቱም ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ጉራፈርዳ አለ። በ2004 ዓ.ም. ከሌላ ቦታ መጥተው የሰፈሩ ሰዎች ከጉራፈርዳ ተፈናቅለዋል፤ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ ሰዎች በግፍ ተገድለዋል። ስለ ደኑ ባለቤትነት በአድናቆት የሚጽፍ ሰው ይህንንም መጻፍ አለበት። መሬት ባለቤት እንዳለው ማክበር አንድ ነገር ነው፤ ተጠርቶም ሆነ ተገፍቶ መጥቶ ያለማውን ጎረቤት በደም መለየት ሌላ ነገር ነው፣ በምንም አይገናኝም። እናቲቱ ስለ ራሳቸው ጎረቤቶች ሲያወሩ የቤንች ተወላጅ የሆነችውን የክርስትና ልጃቸውን ስም እየደጋገሙ ያነሡ ነበር።

ቴፒ ከሚዛን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መንገዱ እየወረደ፣ አየሩ እየሞቀ ይሄዳል። በሸካ ዞን የኪ ወረዳ ውስጥ ያለች፣ ቅመም የሚሸትባት ከተማ ናት። እርድ፣ ዝንጅብል፣ ኮረሪማ፣ ቁንዶ በርበሬ፤ የአዲስ አበባ ወጥ ቤት የሚያውቀው ብዙ ነገር ከዚህ ይነሣል፤ በቅመማ ቅመም ላይ የሚሠራ የግብርና ምርምር ማዕከልም አለ። የቁንዶ በርበሬ ሐረግ በዛፍ ግንድ ላይ ተጠምጥሞ አረንጓዴ ፍሬውን አንጠልጥሎ ስናይ ባለቤቴ አንዷን ፍሬ ነክሶ ዓይኑ እንባ ሞላ። ቡናን በቅጠሉ የሚጠጡት ሰዎች ዘንድ የደረስነውም እዚህ ነው። ጨሞ ይሉታል፤ የቡናው ቅጠል ከዝንጅብል፣ ከሚጥሚጣና ከሌሎች ቅጠሎች ጋር ይፈላል፣ ጨው ይገባበታል፣ በቅል ይቀርባል። ፍሬውን ለገበያ የሚያወጣው ገበሬ ራሱ ጠዋት ተነሥቶ ወደ ማሳ ሳይሄድ የሚጠጣው ይህን ነው። ያቃጥላል፣ ያነቃል፣ ድካምን ያወጣል። እኔ ወደድኩት፤ ባለቤቴ እስከ መጨረሻው ቀን ከጀበና ቡናው አልተለየም።

ከቴፒ ወደ ሜጢ በሚወስደው መንገድ ገንጠል ብሎ ቢሻን ዋቃ ሐይቅ አለ። ጋምቤላ ክልል፣ መዠንግር ዞን ውስጥ ነው። እሳተ ገሞራ በተወው ጉድጓድ ውስጥ የተኛ ውኃ ነው፤ ዙሪያውን ደን ከቦታል፣ ዛፎቹ እስከ ውኃው ጠርዝ ወርደው ሥራቸውን ይነክራሉ። ከላይ ሆኖ ሲያዩት ውኃው ጥቁር አረንጓዴ ነው። ጉሬዛዎች ከአንዱ ቀረሮ ወደ ሌላው ሲዘሉ ነጩ ጭራቸው ከኋላ ይዘናፈላል። ብዙ ሐይቅ አይቻለሁ፤ ጣና ዳር ኖሬአለሁ። እንደዚህ ያለ፣ ድምፅን ሁሉ የሚመልስ ውኃ ግን አላየሁም።

ባለቤቴ ገና እንዳየው ድንኳን ለመትከል የሚሆነውን ሜዳ በዓይኑ መርጦ ነበር። እኔ መጀመሪያ ቀበሌ እንሂድ አልኩ። ሄድን፤ የቀበሌው ሰው ስማችንን መዝግቦ ወደ አንድ ሽማግሌ ወሰደን። አባት የመዠንግር ተወላጅ ናቸው፤ አማርኛቸው የተመጠነ ነው፣ ቃል አያባክኑም። ጉዳያችንን ከሰሙ በኋላ ረጅም ጊዜ አዩንና፣

«ከሰው ተጣልታችሁ ነው?» አሉ።

«አይደለም፣ አባቴ» አልኩ።

«ታዲያ ቤት እያለ ለምን ሜዳ ታድራላችሁ?»

ባለቤቴ ስለ ሐይቁ፣ ስለ ኮከቡ፣ ስለ ንጹሕ አየሩ አስረዳቸው። አዳመጡት። ከዚያ እንዲህ አሉ፦ «ሐይቁን ማየት መልካም ነው፣ እዩት። ሌሊት አንድ ነገር ብትሆኑ ግን የምጠየቀው እኔ ነኝ። ልጅ እሰጣችኋለሁ፣ አብሯችሁ ያድራል።» ክፍያ ስንጠይቃቸው ለልጁ እራት ስጡት አሉ። ቦታውንም ቀየሩልን፤ ባለቤቴ የመረጠው ሜዳ በላዩ ቀፎ ያለበት ዛፍ ጥላ ነበር፣ የእኛ ጭስ ንቡን ያስቆጣል፣ የቀፎውም ጌታ ይቀየማል።

ያ ሌሊት በጉዞው ሁሉ ከልቤ የማይወጣው ነው። ወጣቱ እሳት አነደደ፣ ጎደሬ ጠበሰ፤ እኛ ያመጣነውን ሽሮ አብረን በላን። የዛፎቹን ስም በመዠንግርኛ እየነገረን እኔ በማውቀው አማርኛ መለስኩለት፤ ዋንዛን አወቅን፣ ሾላን አወቅን፣ ብርብራን አወቅን፣ ለብዙዎቹ ግን እኔ ስም አልነበረኝም። የትኛው ዛፍ ለቀፎ እንደሚስማማ፣ የትኛው አበባ ነጭ ማር፣ የትኛው መራራ ማር እንደሚያወጣ ያውቃል። ይህን ደን ዩኔስኮ በ2009 ዓ.ም. የመዠንግር የባዮስፌር ክልል ብሎ መዝግቦታል፤ የካፋው በ2002፣ የሸካው በ2004 ዓ.ም. ቀድመውታል። ሦስቱ ተያይዘው በአገሪቱ ከቀረው ተፈጥሯዊ ደን ሰፊ ክፍል ይይዛሉ። ከእሳቱ ዳር የተቀመጠው ልጅ ምዝገባውን በሬዲዮ ሰምቷል። ከምዝገባው በፊት ደኑን ያቆየው ምን እንደሆነ ግን ከሬዲዮው ይልቅ እሱ አብራርቶ ነገረን፤ ዛፍ ከተቆረጠ ማር የለም፣ ማር ከሌለ ጥሎሽም፣ ለቅሶም፣ ዕርቅም ያለ ጠጅ ይቀራል።

እኔ ባደግሁበት አገር ከሩቅ የሚታይ ጥቁር ደን ካለ ቤተ ክርስቲያን ነው። ማሳው፣ ግጦሹ፣ ኮረብታው ሁሉ ተራቁቶ በታቦቱ ዙሪያ ያለው ዛፍ ብቻ ቀርቷል፤ ዶክተር አለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር እንዲህ ያሉ ደኖችን ሲያጠና ከቆየ በኋላ ካህናቱና ምእመናኑ በድንጋይ ካብ እንዲያጥሯቸው አግዟል። በዘፈቀደ ምሳር የሚያነሣባቸው የለም፤ የእግዚአብሔር ስለሆኑ። ማሻ ስንደርስ ያገኘሁት ነገር ከዚህ ጋር በጣም ይቀራረባል። በሸካ ደዶ የሚባሉ የጸሎትና የመሥዋዕት ቦታዎች አሉ፤ ዛፍ አይቆረጥባቸውም። ከዚያ ሌላ ደግሞ ኮቦ አለ። ኮቦ ማለት አንድ ቤተሰብ ቀፎ የሚሰቅልበት፣ ማርና ኮረሪማ የሚያወጣበት የደን ክፍል ነው፤ ከአባት ለልጅ ይተላለፋል፣ ሌላ ሰው ያለ ፈቃድ ቀፎ አይሰቅልበትም። ከ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ወዲህ መሬት በሕግ የግለሰብ መሆኑ ቀርቷል፤ ስለዚህ የኮቦ ጌታ ካርታም ደብተርም የለውም። ለቡና ወይም ለሻይ ልማት ሰፊ ቦታ ሲሰጥ በወረቀቱ ላይ «ደን» ተብሎ የሚጻፈው የእሱ ነው። ቀፎው የተሰቀለበት ዛፍ ሲወድቅ የሚያጣውን ነገር የሚገምት ኮሚቴ አላየሁም። ይህ ያሳዝነኛል፣ ያስቆጣኛልም።

ለዚህ መፍትሔ የሚሆን መንገድ ተጀምሮ ነበር። በቦንጋ አካባቢ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ፋርም አፍሪካ የተባለው የእርዳታ ድርጅት አሳታፊ የደን አስተዳደርን አስጀምሯል፤ የደኑ ተጠቃሚዎች ማኅበር መሥርተው ከመንግሥት ጋር ስምምነት ይፈርማሉ፣ ይጠብቃሉ፣ ማሩንና ቡናውን ይሸጣሉ። ማሻ ላይ የአንድ እንዲህ ያለ ማኅበር አባል የሆኑ የማር ገበሬ ደኑ ጠርዝ ላይ ድንኳን እንድንተክል ፈቅደውልን፣ ማታ ከባለቤታቸው ጋር መጥተው ብርዝ አጠጡን። ባለቤቴ ማስታወሻ ደብተሩን አውጥቶ ከእሳቸው ጋር ሒሳብ ሠራ፤ ማኅበሩ ለድንኳን ቦታ ቢያዘጋጅ፣ ጉድጓድ መጸዳጃ ቢቆፍር፣ አንድ ወጣት አብሮ ቢያድር፣ ለአንድ ሌሊት ምን ያህል ቢያስከፍል ተገቢ ነው? ገበሬው የጠሩት ዋጋ ትንሽ ነበር። ባለቤቴ እጥፍ አድርጉት ብሎ ሲከራከራቸው ሚስታቸው «እንግዳ ይህን ያህል አይከፍልም፣ ነውር ነው» አሉ። ክርክሩ እስኪበርድ ድረስ ማሻ በረደች፤ ከፍታዋ ከቴፒ በአንድ ሺህ ሜትር ገደማ ይበልጣል፣ ሌሊቱ ብርድ ልብስ ያስደርባል። ከወረዳው ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ጋር ለመነጋገር ተስማሙ። የእኔ ምኞት ማኅበሩ ቀድሞ እንዲደርስ ነው፤ ከሩቅ የመጣ ባለሀብት አጥሮ በር ከማቆሙ በፊት የኮቦው ጌታ በራሱ ደን እንግዳ ተቀባይ ሆኖ እንዲጻፍ።

ለሚሄዱ ባልና ሚስት የምነግራቸው ጥቂት ነገር አለ። ከሚዛን በፊት ነዳጅ ሙሉ። የጸጥታውን ሁኔታ በየከተማው ጠይቁ፤ ሰው በቅን ይነግራችኋል። ፀሐይ ሳትጠልቅ ቀበሌ ግቡ። ስኳርና ሳሙና ይዛችሁ ሂዱ። ማጂንና ቱምን እኛ አልደረስንባቸውም፤ የዲዚ ሕዝብ የሚኖርበትን ተራራ ለሌላ ጊዜ ይዘነዋል።

ከማሻ ወደ ጎሬ፣ ከጎሬ ወደ መቱ ወጣን። ከመቱ አጠገብ አንድ የቡና ችግኝ ጣቢያ ዳስ ሥር ሴቶች አፈር እየነፉ ፕላስቲክ ይሞሉ ነበር። የችግኙን ዓይነት ስንጠይቅ «ሰባ አራት አንድ አሥር» አሉን። የቡና ፍሬ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1971 አገራችን ገብቶ ማሳውን ሲጨርስ፣ የጅማ ተመራማሪዎች በሽታውን የሚቋቋም ዛፍ ፍለጋ እነዚህን ደኖች አሰሱ፤ 74110 የተመረጠው እ.ኤ.አ. በ1974 ስለሆነ ቁጥሩ በ74 ይጀምራል። ዛሬ በብዙ አካባቢ የሚተከለው እሱና ወንድሞቹ ናቸው። ባለቤቴ፣ በበቃ ላይ የጠየቀኝን አስታውሶ ይመስለኛል፣ ዘሩ መጀመሪያ የተገኘው ከየት እንደሆነ ጠየቃቸው። አንዷ ወጣት አካፋዋን ሳታስቀምጥ «ከቢሻሪ ነው፣ ከዚሁ ከእኛው» አለችና መንገዱን አሳየችን።